ብዕርን ስለ መሰብሰብና ስለ መጠበቅ

በአዲስ አበባ፥ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ባለው ቤታችን አሮጌም አዲስም ቀለም የሚሞሉ ሰባት ብዕሮች አሉን። የአንዱ ጫፍ ሰፊ፥ የሌላው ቀጭን ስለ ሆነ የእያንዳንዱ የአጻጻፍ ጣዕም ልዩ ልዩ ነው። ከሁሉ አብልጠን የምንወደው ግን ወላጅ አባታችን ያወረሱንን ባለ ወርቅ ጫፍ ብዕር ነው። ይህንኑ ባለማወቅ ልናጠፋው ጥቂት ቀርቶን ነበርና፥ ነገሩን ለአንባብያን ልንገልጽ ወደድን።

በልጅነታችን በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በመቃ ብዕር መጻፍን ተምረናል። ቀለሙም ከጥላሸት፥ ከተቆላ እህልና ከሙጫ የሚዘጋጅ ሲሆን፥ በብራና ላይ ለብዙ ዘመን ሳይደበዝዝ ይኖራል። ጽናቱን ስለምናውቅ በአባታችን ብዕር ይህንኑ ቀለም ሞላንበት፤ በማግሥቱ ብዕሩ አንዲት ፊደል እንኳ አልጽፍ አለ።

ምክንያቱ ይህ ነው። አሜሪካዊው ሉዊስ ዋተርማን በ1884 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፈጠራ መብት ባገኘበት ብዕር፥ ቀለሙ በቀጭን ቦይ ሲወርድ በምትኩ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ጥላሸትና ሙጫ በደረቁ ጊዜ ይህን ቦይ ይደፍኑታል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ብዕር የሚስማማው ለእርሱ የተሠራው ስስ ቀለም ነው።

ለብ ባለ ውሃ ሦስት ቀን እየሞላን እያፈሰስን ብናጥበው ብዕሩ ዳነ። እንግዲህ ብዕር የሚሰበስብ ሰው ቀለም እንደ ያዘ በሣጥን አይቆልፍበት፤ የማይጽፍበትን አጥቦና አድርቆ ያኑር፤ በቀረውም ዘወትር ይጻፍበት። በአባታችን ብዕር ዛሬ ልጃችን የአያቱን ስም ይጽፍበታል።