የሳነቲን ድንጋዮች ማን ደረደራቸው?

አሰላ ተወልዶ ያደገ ሰው ጭላሎን ሳያይ የሚውለው ጉም በሸፈነው ቀን ብቻ ነው። ተራራው በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ እንደነበረ በትምህርት ቤት ያልሰማ ተማሪም ጥቂት ነው። ያ እሳት ሲበርድ ምን ዓይነት ሥራ ሠርቶ እንደሚያልፍ በዓይኑ ማየት የፈለገ ግን ትንሽ ራቅ ማለት ይኖርበታል። ከአሰላ ተነሥቶ በበቆጂ፣ በዶዶላና በዲንሾ አልፎ ጎባ ይደርሳል፤ ከዚያም የደሎ መናን መንገድ ይዞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው የሳነቲ አምባ ይወጣል።

በዚህ መንገድ ለዘመድ ጥየቃም ሆነ ለንግድ የሚያልፍ ሰው ብዙ ነው። ብርዱ ስለሚያጣድፍ ግን ከመኪና ወርዶ ዳገቱን የሚመለከት እምብዛም አይገኝም። በአምባው ተዳፋቶች ላይ ከላይ ወደ ታች የተዘረጉ የድንጋይ መስመሮች አሉ። ረጅሞቹ እስከ 1,000 ሜትር ይዘልቃሉ፤ ስፋታቸው እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀታቸውም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። በመስመሮቹ መካከል ያለው አፈርና ሣር ነው። ድንጋዮቹን ቀርቦ ያየማ ይበልጥ ይገረማል። ብዙዎቹ ረዘም ያሉ፣ ጎናቸው ልሙጥ፣ ስድስት ወይም አምስት ማዕዘን ያላቸው፣ በመሮ የተጠረቡ የሚመስሉ ናቸው። «የጥንት ሰዎች የሠሩት አጥር ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይወቀስም። ሱብሐነላህ ያለ ሰው ቀጥሎ «እንዴት ሆነ?» ብሎ ቢጠይቅ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይጥመዋል።

መልሱ ሁለት ክፍል አለው። ድንጋዮቹን የጠረባቸው የእሳት መብረድ ነው። የደረደራቸው ደግሞ ውርጭ ነው።

በመጀመሪያ ጠረባውን እንመልከት። ከምድር ውስጥ የሚወጣው ቅልጥ አለት ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሆን ይችላል። ሲበርድ ይጠነክራል፤ ከጠነከረ በኋላም እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይኮማተራል። የሚኮማተር ነገር ቦታ ስለማይበቃው ሳይሆን ቦታው ስለሚሰፋው ይሰነጠቃል። ይህን ለመረዳት የአርሲ ገበሬ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ በክረምት የጨቀየው ጥቁር አፈር፣ ኮቲቻ የሚባለው፣ በበጋ ሲደርቅ እንዴት እንደሚሰነጣጠቅ ያውቃል። ልዩነቱ አፈሩን የሚያኮማትረው የውሃ መትነን፣ አለቱን የሚያኮማትረው የሙቀት መቀነስ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግሊዝ አገር የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባዛልትን (ግንበኞቻችን ጥቁር ድንጋይ የሚሉትን) በቤተ ሙከራ አሙቀው ሲያቀዘቅዙ ስንጥቁ የሚጀምረው ከ840 እስከ 890 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል መሆኑን አሳይተዋል። ይህ እንግዲህ አለቱ ገና ፍም ሳለ ነው።

ስንጥቁ መጀመሪያ በሚበርደው ገጽ ላይ ይወጣና ቅዝቃዜው ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር አብሮት ይገባል። ስለዚህም የመሬት ላይ ሥዕል ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ምሰሶ ይሆናል። ስድስት ማዕዘን የሚበዛውም ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ነጥብ ላይ ሦስት ስንጥቆች እኩል ተራርቀው ሲገናኙ ውጥረቱ በትንሽ ስንጥቅ ስለሚረግብ የንብ እንጀራ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። አለቱ ቶሎ ከበረደ ምሰሶዎቹ ቀጫጭን፣ ቀስ ብሎ ከበረደ ወፋፍራም ይሆናሉ። ሁሉም እኩል ስድስት ጎን ይኖራቸዋል ማለት ግን አይደለም፤ አምስትም ሰባትም ጎን ያላቸው መካከላቸው ይገኛሉ።

ልጆች ይህንን በቤት ውስጥ ሊሞክሩት ይችላሉ። የበቆሎ ስታርችና ውሃ እኩል ተደባልቆ በብርጭቆ ውስጥ ይደረግና ለብዙ ቀናት እንዲደርቅ ይተዋል፤ ከላዩ አምፖል ቢበራበት ይፈጥናል (አምፖሉን ግን ትልቅ ሰው ይቆጣጠረው)። ደርቆ ሲፈረከስ ውስጡ እንደ እርሳስ የቀጠኑ ምሰሶዎች ይታያሉ። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የባዛልትን አሰነጣጠቅ ያጠኑት በዚሁ በስታርች ነበር።

በዓለም ላይ ስመ ጥር የሆኑት የባዛልት ምሰሶዎች ከባሕር ዳርቻ የሚገኙት ናቸው። በሰሜን አየርላንድ ጠረፍ ወደ 40,000 የሚጠጉ ምሰሶዎች ተጠጋግተው እንደ ደረጃ ወደ ባሕሩ ይወርዳሉ። የአገሩ ሰዎች አንድ ግዙፍ ጀግና ወደ ስኮትላንድ ለመሻገር የሠራው መንገድ ነው እያሉ ተረት ያወሩበታል፤ ቦታውም እ.ኤ.አ. በ1986 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእኛም አገር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው የዓባይን ሸለቆ ሲወርድ በገደሉ ላይ እንዲህ ያሉ ምሰሶዎችን ያያል። የሳነቲ ድንጋዮች ከእነዚህ ሁሉ የሚለዩት ቆመው አለመገኘታቸው ነው። ወድቀዋል፣ ተጉዘዋል፣ ተሰልፈዋል።

ያሰለፋቸው ውርጭ ነው ብለናል። ዛሬ አየሩ ለዚህ አይበቃም፤ በሳነቲ የሌሊቱ ውርጭ የሚያቀዘቅዘው የመሬቱን ላይኛ ገጽ ብቻ ነው። የቀድሞው ዘመን ግን ሌላ ነበር። በአርሲና በባሌ ተራሮች አናት ላይ የበረዶ ግግር ነበረ። አዎን፣ የበቆጂ ሯጮች ቀና ብለው በሚያዩአቸው ተራሮች ላይ! እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ግግሩ በጣም የሰፋው ከ42,000 እስከ 28,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ከግግሩ ውጭ ያለው እርጥብ መሬት ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይሟሽሻል። ይህ በተመላለሰ ቁጥር ድንጋዩ ከአፈሩ ይለያል፤ በተዳፋት ላይም ወደ ታች እየተንሸራተተ መስመር ይሠራል። በዚያው ዓመት የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የሳነቲን መስመሮች አጥንተው ሲጽፉ፣ የዚህን ያህል ትልልቅ መስመሮች በዚህ የዓለም ቀበቶ ከዚያ በፊት አይታወቁም ነበር ብለዋል።

እዚህ ላይ ለወጣቶቻችን ልንነግራቸው የምንፈልገው ነገር አለ። ድንጋይ እንጀራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ ወዲህ በየከተማችን ኮብልስቶን እየጠረበ ቤተሰቡን ያስተዳደረ ወጣት ስንት ነው! ይህ የሚከበር ሥራ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ በአርሲም በባሌም ሞልቷል። የሳነቲው ግን ምስክርነቱ ድንጋዩ ውስጥ ሳይሆን አቀማመጡ ላይ ነው። አንዱ ምሰሶ ለበረት ግድግዳ ወይም ለመታሰቢያ ክምር ቢነሣ ድንጋዩ አይጠፋም፤ ይህ ቦታ የዚያን ያህል ቀዝቅዞ እንደነበረ የሚናገረው መስመር ግን ይፈርሳል፤ መልሶ የሚሰለፍበት ውርጭም ዛሬ የለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ብዙ ጊዜ የሚወራለት ስለ ቀይ ቀበሮው ነው፤ ይገባዋልም። ድንጋዩን የሚያወራለት ግን እስካሁን ጥቂት ነው።

ለማየት የሚሄድ ቤተሰብ ጋቢና ብርድ ልብስ አይርሳ። በበጋ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ሳይበረታ የደረሰ ሰው እርጥብ አፈር ባለበት ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ ሌሊቱን የበቀሉ መርፌ መሳይ ቀጫጭን በረዶዎች ጠጠርና አፈር ተሸክመው ቆመው ያገኛቸዋል። ረፋድ ላይ ይቀልጡና ጠጠሩን ከነበረበት ትንሽ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡታል።