«ሕክምናው መቼ ነው የሚጀምረው?»

ግራ ጎናቸውን ስትሮክ ከመታቸው አባት ጋር ሁለት ሳምንት ሠርተናል። አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ ብርጭቆ መጨበጥ፣ ከወንበር መነሣት፣ ደግሞ መነሣት። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ልጃቸው ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝና በትሕትና፣ «ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕክምናው መቼ ነው የሚጀምረው?» አለችኝ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ይህን ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ። ጥያቄዋ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ልጅቷ ምን አጠፋች? ሕክምና ሲባል መርፌ አለ፣ ኪኒን አለ፣ ሌላው ቢቀር ግሉኮስ ይንጠለጠላል። እኔ ባዶ እጄን ገብቼ «አባባ፣ እስቲ ይነሡ» የምል ሰው ነኝ።

ችግሩ ከስሙ ይጀምራል። ካርዱ ላይ «ፊዚዮ» ተብሎ ይጻፋል፤ ታካሚው በሬ ላይ ሲደርስ «ማሳጅ የታዘዘልኝ ነኝ» ይላል። «እሽት» የሚሉም አሉ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ በወጌሻ በኩል ዞረው የመጡ ናቸው። የአማርኛ ስም እንስጠው ሲባል ደግሞ ሌላ ጣጣ ይመጣል። «ፈውስ» እንዳልል ፈውስ ያለቀ ነገር ነው፤ ጸበል ቦታ ይሻለዋል፣ እኔ ቃል ልገባበት አልችልም። «መድኃኒት»ም ከባድ ነው፤ መድኃኔዓለም ከሚለው ስም ጋር አንድ ግንድ ያለውን ቃል ለራስ ምታት ኪኒን መስጠታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሳይኮቴራፒን «ምክር» ያሉት ሰዎች ደግሞ ባልደረቦቼን አስቸግረዋቸዋል። ሰው አንድ ጊዜ ይመጣና፣ ሆዱ ያለውን ይዘረግፍና፣ «እና ምን ይምከሩኛል?» ብሎ እንደ ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል።

የመሥሪያ ቤት ወረቀት የሚወደው «ተሐድሶ»ን ነው። ቃሉ በራሱ መልካም ነበር። ግን በ2009 ዓ.ም. በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሰሞን ስንቱ ወጣት ተይዞ «ተሐድሶ ሥልጠና» ገብቶ ወጣ! በቤተ ክርስቲያን በኩል ደግሞ ቃሉ የክስ ያህል ነው። አንዲት እናት በራችን ላይ የተለጠፈውን አንብበው «እኔ ተሐድሶ አይደለሁም፣ ልጄ» ብለው ሊመለሱ ሲሉ ሮጬ ነው የያዝኳቸው።

ቴራፒ ከግሪክ የመጣ ቃል ነው። በሆሜር ኢልያድ ፓትሮክለስ የአኪሌስ «ቴራፖን» ይባላል፤ በእኛ ጋሻ ጃግሬ እንደምንለው፣ ከጌታው ጎን የማይለይ አገልጋይ። «ቴራፔያ» መጀመሪያ ማገልገል ነበር፤ ማዳን የሚለውን ትርጉም ያገኘው በኋላ ነው። ይህን ሳነብ የመጣልኝ ቃል «ማስታመም» ነው። ከ«ታመመ» የተወለደ ነው፤ ለጆሮዬ አብሮ መታመምም ያለበት ይመስለኛል። መዝገበ ቃላት ሠሪዎች ባይስማሙ አልከራከርም።

የሚያስቀው፣ ይህን ማዕረግ በየዋርዱ የያዙት ሰዎች በየጠዋቱ የሚባረሩት ናቸው። ራውንድ ሊገባ ሲል ዘበኛው «አስታማሚ ውጡ!» ይላል። ፌስታላቸውንና ፔርሙዛቸውን አንጠልጥለው ይወጣሉ። ሌሊቱን በየሁለት ሰዓቱ በሽተኛውን ያገላበጡት፣ ጀርባው እንዳይቆስል የጠበቁት እነሱ ናቸው። እኔ በቀን አርባ ደቂቃ አለሁ፤ ቀሪውን ሰዓት እነሱ አሉ።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ አልተረክሁላትም። «ጀምረናል እኮ፤ ነይ፣ አብረን እንሥራ» አልኳት። አባቷን ስታነሣ ደካማውን ክንድ ይዛ ጎተተች። አስቆምኳት። ጡንቻው ስለማይይዘው እንዲህ የተጎተተ ትከሻ ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል። ነጠላዋን አጥፈን በወገባቸው አዞርንና ሁለቱን ጫፍ አስጨበጥኳት። ጉልበቷን በደካማው ጉልበታቸው ፊት ደገፍ አደረገች። እሳቸውም አፍንጫቸው ከእግር ጣታቸው በላይ እስኪደርስ ወደ ፊት አጎነበሱ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

በመጀመሪያው ተመልሰው ቁጭ አሉ። በሁለተኛው «ቀስ በይ እንጂ፣ ጆንያ ነኝ እንዴ?» ብለው ተቆጡ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲቆጡ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። በሦስተኛው ቆሙ። ግራ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ ነጠላውን እንደጨበጠች ወደ እኔ ዞራ «ልልቀቅ?» አለች።

«ገና ነው» አሉ እሳቸው፣ እኔ ሳልመልስ።