አንደበትና መገጣጠሚያ በአንድ ቃል

የዶክትሬት ጥናታችንን እንግሊዝ አገር በምንከታተልበት ዘመን፣ የመጀመሪያውን ዓመት ሪፖርታችንን ያነበቡት መምህር በኅዳጉ ላይ በእርሳስ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው መለሱልን። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ሐሳቡ ግን «አርቲኩሌት» አልተደረገም የሚል ነበር። ቃሉን «አጥርቶ መናገር» በሚለው ትርጉሙ ብቻ እናውቀው ስለነበር፣ የእንግሊዝኛችን ድክመት ተነካ ብለን ሳምንቱን በኀዘን አሳለፍነው። በዚያው ሰሞን ከአንዲት ጠባብ መንገድ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ «ለአርቲኩሌትድ» የጭነት መኪናዎች የማይመች መሆኑን የሚያስጠነቅቅ ምልክት አነበብን። አንደበተ ርቱዕ የሆነ የጭነት መኪና ምን ዓይነት ነው? መዝገበ ቃላት ያስገለጠን ይህ ጥያቄ ነበር።

ቃሉ የመጣው «አርቲኩሉስ» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን ትርጉሙም ትንሽ መገጣጠሚያ ማለት ነው። ምልክቱ የሚከለክለው ጎታቹና ተጎታቹ በአንድ መታጠፊያ የተያያዙለትን ረጅም መኪና ነበር። አጥንቶቹ በየቦታቸው ተገጣጥመው በሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ የሚቆመው ዐፅምም በዚሁ ቃል ይጠራል። የሕግ አንቀጽንና አሁን የምታነቡትን ዓይነት የመጽሔት ጽሑፍ የሚያመለክተው «አርቲክል»ም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። (የእኛ «አንቀጽ» ግን በግዕዝ በር ማለት ነው፤ አንዱ ሕዝብ በመገጣጠሚያ፣ ሌላው በበር በኩል ወደ አንድ ነገር ደረሰ።)

ንግግርን ከመገጣጠሚያ ጋር ማዛመድ ከሮማውያንም ይቀድማል። አርስጣጣሊስ ስለ እንስሳት በጻፈው ሥራው ድምፅንና ንግግርን ለይቷል፤ ንግግር ማለት ድምፅ በምላስ አማካይነት ሲገጣጠም የሚገኝ ነው ይላል። ዶልፊን ድምፅ እያለው ለምን እንደማይናገር ሲያስረዳም ምላሱ የተፈታ አለመሆኑንና ከንፈር የሌለው መሆኑን ይጠቅሳል። ለዚህ የተጠቀመበትን «ዲያርትሮሲስ» የሚለውን የግሪክ ቃል ዛሬ ሐኪሞች እንደ ጉልበትና ትከሻ በነፃ ለሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ይጠቀሙበታል።

የእኛ አባቶች የመረጡት ምስል የተለየ ነው። «ርቱዕ» ቀጥ ያለ ማለት ነውና ጥሩ ተናጋሪ አንደበቱ የቀና ሰው ነው። ሁለቱ ምስሎች የሚጣሉ ይመስላሉ። ሆኖም መገጣጠሚያ የሌለው ክንድ ቀጥ ይላል እንጂ አይጎርስም፤ በዚህ ጉዳይ ወደ ግሪኮቹ እናደላለን።

ምክንያታችን ከፊዚክስ የመነጨ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር ማንቁርት ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያርገበግባል። ከእነርሱ እስከ ከንፈር ያለው ቱቦ በአዋቂ ወንድ ወደ 17 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። በአንድ በኩል ዝግ፣ በሌላው ክፍት ቱቦ ነው ብለን የድምፅን ፍጥነት ለርዝመቱ አራት እጥፍ ብናካፍል፣ የመጀመሪያው የሬዞናንስ ድግግሞሽ ወደ 500 ሄርዝ ይሆናል። ምላስና መንጋጋ የቱቦውን ቅርጽ ሲለውጡ ቁጥሩም ይለወጣል፤ «ኣ» እና «ኢ» የሚለዩት በዚህ ነው። ይሁን እንጂ «ኣ» ብለን ትንፋሻችን እስኪያልቅ ብንጮህ አንዳች ነገር አንናገርም። ድምፁን በየቦታው የሚያጥፉትና የሚቆራርጡት፣ ማለትም መገጣጠሚያዎቹ፣ ተነባቢዎች ናቸው።

አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው። አንባቢ ትንፋሹን ጉሮሮው ላይ አጥብቆ ይያዝና «ጥ፣ ቅ፣ ጭ» ይበል፤ ይቻላል። እንደዚያው ሆኖ «ስ» ለማለት ይሞክር፤ አይቻልም። «ጥ» ስንል የድምፅ አውታሮቹ ይዘጋሉ፤ ምላስም ከላይ ይዘጋል፤ ማንቁርት ወደ ላይ ሲገፋ በሁለቱ መካከል የታሰረው አየር ይዘቱ ይቀንሳል፤ በቦይል ሕግ መሠረትም ግፊቱ ይጨምራል። ምላስ ሲለቀው ይፈነዳል። «መታ» እና «መጣ» የሚለያዩት በዚህች ቅጽበታዊ ፍንዳታ ብቻ ነው። እንግዳ መጣ ለማለት ፈልጎ እንግዳ መታ ያለ የውጭ አገር ሰው የገጠመው ይህን ያውቃል።

የስልክ መሐንዲሶች ይህን ጉዳይ በቁጥር ሊለኩት ተነሡ። የቀድሞው ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ሄርዝ ያለውን ድምፅ ሲሆን፣ የ«ሰ» ጉልበት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ነው፤ «ሰ» እና «ፈ» በስልክ የሚምታቱትም ስለዚህ ነው። በአሜሪካው የቤል ቤተ ሙከራ ሃርቬይ ፍሌቸርና ባልደረቦቹ የመስመሩን ጥራት ትርጉም በሌላቸው ክፍለ ቃላት ይፈትኑ ነበር። ትርጉም ያለው ቃል ከሆነ ሰሚው የጠፋውን ከራሱ ይሞላዋል፤ መስመሩ መጥፎ ሆኖ ሳለ ጥሩ ይመስላል። ፈተናው «የአርቲኩሌሽን ፈተና» ይባል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1947 በታተመ ጥናትም ከ0 እስከ 1 የሚደርስ መለኪያ በዚሁ ስም ቀረበ።

ከሁሉ የሚያስደንቀን ግን በጆሯችን ውስጥ ያለው ነው። በገበሎ አስተኔዎች የታችኛው መንጋጋ ከራስ ቅል ጋር በሚጋጠምበት ቦታ «አርቲኩላር» የተባለ አጥንት አለ። የአጥቢዎች መንጋጋ በሌላ አጥንት ይጋጠማል። ያ አጥንት ታዲያ የት ሄደ? ጀርመናዊው ካርል ራይኸርት እ.ኤ.አ. በ1837 የአሳማ ጽንሶችን መርምሮ መልሱን አገኘ፤ ቅሪተ አካላትም በኋላ አጸኑት። በመካከለኛው ጆሯችን ከታምቡሩ ጋር የተያያዘችው «መዶሻ» የተባለችው አጥንት እርሱ ነው። ከጎረቤቷ «መስፍ» ጋር የምትጋጠምበት ሥፍራ የጥንት ቅድመ አያቶቻችን መንጋጋ መገጣጠሚያ ነበር። እነርሱ ያኝኩበት በነበረው መገጣጠሚያ እኛ ንግግር እንሰማለን።

ወደዚያ የእርሳስ ጽሑፍ እንመለስ። ስለ አነጋገር ዘይቤያችን የተጻፈ አልነበረም። ሁለተኛው ምዕራፍ ከመጀመሪያው በምን እንደሚያያዝ አላሳየንም ነበር፤ አጥንቶቹ ነበሩ፣ መገጣጠሚያው አልነበረም። ሰባት ገጽ ቀንሰን ሦስት ዓረፍተ ነገር ጨመርን፤ መምህሩም ተቀበሉት።

አገር ቤት ተመልሰን ስናስተምር ግን ይህንኑ ትምህርት ዘነጋነው። ለዓመታት በእንግሊዝኛ ለሚቀርብ የቃል ማብራሪያ ውጤት ስንሰጥ፣ አፈ ቅልጥፍናን ከመረዳት ጋር አምታተን ነበር። አንድ ተማሪ ስለ ቶርክ ስንጠይቀው በእንግሊዝኛ ጀምሮ አቆመ፤ ላብ አጠመቀው። በአማርኛ ተናገር አልነው። ተነሥቶ የክፍሉን በር በእጀታው በኩል፣ ከዚያም በማጠፊያው አጠገብ በአንድ ጣት ገፋ፤ ልዩነቱን አሳየን፤ ከዚያ ወደ ክርኑ ዞሮ፣ ጡንቻው ከክርኑ 4 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ በመዳፉ የያዘው ዕቃ 35 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ ጡንቻው የዕቃውን ክብደት ወደ ዘጠኝ እጥፍ መሳብ እንዳለበት በጠመኔ አስልቶ አወጣ። አንድም መገጣጠሚያ አልጎደለውም።

የእርሱን ውጤት በዚያው ዕለት አስተካከልን። ከእርሱ በፊት ዝም በማለታቸው ዝቅተኛ ውጤት የሰጠናቸው ግን ተመርቀው ሄደዋል።