የወሲብ ፍላጎት ሲቀንስ አብሽና ማር ይረዳሉ?

እህቴ፣ የወሲብ ፍላጎትሽ ቢቀንስ ብቻሽን አይደለሽም፤ ሁልጊዜም በሽታ ነው ማለት አይደለም። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት መሥራት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ናፍቆትና ጭንቀት ፍላጎትን ይቀንሳሉ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ድብርት፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች፣ በአንዳንድ ሴቶች ደግሞ የወሊድ መከላከያም ምክንያት ሊሆኑ ይችላሉ።

አብሽ፣ እዚህ ሒልባ የሚሉት፣ ይረዳል ይባላል፤ ማስረጃው ግን ትንሽ ነው። ምግብ ውስጥ የሚገባው ብዙም አያሳስብም። በብዛት ወይም በእንክብል ሲወሰድ ግን የደም ስኳርን ሊያወርድ ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ፣ ወይም የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሐኪም ሳትጠይቂ አትውሰጂው።

ለወሲብ ኃይል ተብሎ በትንንሽ ፓኬት ከሚሸጥ ማር ተጠንቀቂ። በ2022 የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአንዳንዶቹ ውስጥ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ የቪያግራ ዓይነት መድኃኒት እንዳለ አስጠንቅቋል። የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ የደም ግፊትን በአደገኛ ሁኔታ ሊጥል ይችላል።

ክሊኒክ ከሄድሽ የደም ምርመራ ጠይቂ፤ የምትወስጂውን መድኃኒት አሳዪ፤ በራስሽ ግን አታቋርጪ። ማዳም አብራሽ ከገባች "ሐኪሟን ብቻዬን ላናግራት" በዪ።

ፍላጎት ማጣትና መገደድ ለየቅል ናቸው። አልፈልግም ማለት መብትሽ ነው። አሠሪሽ ወይም ቤተሰቡ ቢያስገድድሽ ጥፋቱ የሱ እንጂ ያንቺ አይደለም።