ጉርሻው አየር ላይ ሲቀር

ለመሆኑ ባህል ማለት ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ስንጠየቅ ቶሎ ትዝ የሚለን የሀገር ልብስ፣ እስክስታና ዶሮ ወጥ ነው። እነዚህ ግን ከላይ የሚታዩት ብቻ ናቸው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 ባሳተመው መጽሐፍ ባህል ሲል እውቀትን፣ እምነትን፣ ሥነ ምግባርን፣ ሕግን፣ ልማድን፣ ሰው የኅብረተሰብ አባል በመሆኑ ያገኘውን ሁሉ ጠቅልሎ ነው። ልብ በሉ፣ «ያገኘውን» ነው የሚለው። ጉርሻ መቀበል እያወቀ የተወለደ የለም።

አንድ ወጣት ያጫወተንን እነሆ። እጮኛው ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው፤ አማርኛ ግን ትችላለች። ከእናቱ ጋር ሊያስተዋውቃት ቤት ይዟት ሄደ። እናት ከዋዜማው ጀምሮ ሽንኩርት ሲያቁላሉ ነበር። ልጅቷ እንደገባች እጇን ዘርግታ ዓይን ዓይናቸውን እያየች «እንዴት ነሽ?» አለቻቸው። ማዕድ ቀረበ። ጥቂት በላችና «ጠገብኩ» ብላ እጇን ሰበሰበች። እናት ጠቅለል አድርገው «በሞቴ!» አሉ። «አይ፣ የእውነት ጠግቤያለሁ» አለች። ጉርሻው አየር ላይ ቀረ!

ማታ እናት «ይቺ ልጅ ንቃናለች፤ ቀለበቱን አስብበት» አሉት። እሷም በበኩሏ ከፍቷት «እናትህ የምናገረውን አታምንም እንዴ?» አለችው።

ጥፋቱ የማን ነው? እስቲ እንመልከት። በእንግሊዝኛ «አንቺ» እና «እርስዎ» የሚባል ልዩነት የለም፤ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ቃል ነው። እኛ ዘንድ በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር ማድረግ ጨዋነት ነው፤ አሜሪካ ግን ዓይኑን የሚሸሽ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለ ይመስላል። እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ጠግቤያለሁ» ይሉኝታ ነው፤ ባለቤት ካልለመነ ንፉግ ይባላል። እዚያ አንዴ «በቃኝ» ካሉ በቃ ነው። ጃፓኖች ኑድል ድምፅ እያሰሙ ሲምጉ ነውር የለውም፤ እንግሊዝ አገር ያንኑ ቢያደርጉት ጎረቤት ዞሮ ያያል። ታዲያ የትኛው ነው የሠለጠነው? ሁሉም በየቤቱ ጨዋ ነው።

ይህ ሲባል ግን «ባህላችን ነው» እየተባለ ሁሉም ይለፍ ማለት አይደለም። ጠለፋም የሴት ልጅ ግርዛትም ባህል ተብለው ኖረዋል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ግን ሁለቱንም ይቀጣል። መለኪያው ቀላል ነው፦ ነገሩ የሚያስቀይም ብቻ ነው ወይስ ሰው የሚጎዳ?

ወደ ወጣቱ እንመለስ። እኛን ከጠየቃችሁን ጥፋቱ የእናትም የልጅቷም አይደለም፤ የእሱ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ፣ ሁለቱንም ሰው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበርና። እናንተም እጮኛችሁ ከሌላ አገር፣ ከሌላ ብሔር ወይም ከሌላ ሃይማኖት ብትሆን፣ ከመግቢያው በር በፊት አሥር ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ አስረዱ። ለቤተሰብም እንዲሁ። «ታውቀዋለች» ብሎ መተው ፍቅረኛን ፈተና ላይ መጣል ነው።

እሱ በኋላ ገብቶት ሁለቱንም አስረዳ። በሚቀጥለው እሑድ ልጅቷ ጎንበስ ብላ «እንደምን ዋሉ?» አለች። ጉርሻዋንም ተቀበለች። እናት ደስ ብሏቸው ሁለተኛውን ጠቀለሉ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል!»

ይህንን ብቻ አላስረዳትም ነበር።