ለቤታችን ግድግዳ የሚስማማ ቀለም

የወላይታ አፈር ቀይ ነው። ከሶዶ ከተማ ወጣ ብለን በዳሞት ተራራ ግርጌ ስንሄድ መንገዱም፣ ማሳውም፣ የጭቃ ቤቱ ግድግዳም ቀላ ብሎ ይታየናል። አፈሩን ያቀላው በውስጡ ያለው ብረት ነው። ማጭድ ውጭ ሲያድር እንደሚዝግ ሁሉ ይህም ብረት ከአየርና ከውሃ ጋር ተገናኝቶ ዝጓል። እንግዲህ ከደጃችን ያለ ገንዘብ የሚገኝ ቀለም አለን ማለት ነው።

ለጎልማሶች ማንበቢያ የተሰጠችን ክፍል አንድ መስኮት ብቻ ነበራት። ግድግዳዋ በጢስ ጠቁሮ ስለነበር ኩራዝ ተለኩሶም ፊደል መለየት ያስቸግር ነበር። ጥቁር ግድግዳ ብርሃን ይውጣል፤ ነጣ ያለው ግን ብርሃኑን መልሶ ለክፍሉ ይሰጣል። ስለዚህ «በነጭ ኖራ እንቀባት» አልን። አንዲት እናት ሳቁብን።

«ልጆቼ፣ ነጭማ ያምራል። ግን ጭቃው ሲረጭበት፣ ጢሱ ሲያለብሰው ስንት ቀን ሊቆይላችሁ ነው?» አሉን።

እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ መካከለኛውን መረጥን፤ ወተት የበዛበት ቡና የመሰለ ቀለም። ይህ ብርሃን አይውጥም፣ እድፍ ቶሎ አያሳይም፣ ለዓይንም ሞቅ ይላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ስንጥቁ ይደፈናል፤ ስንጥቅ የትኋን መደበቂያ ነውና። ጭቃው ከጭድና ከእበት ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀን ይሰንብት። እኛ ቸኩለን ጭድ የሌለበት ጭቃ ብንለስን ሲደርቅ ተሰነጣጠቀብን። ለካ ጭዱ ጭቃውን እንደ ክር አስሮ የሚይዝ ኖሯል!

ቀጥሎ ሥርና ብስባሽ የሌለበት ቀይ አፈር ዝቅ ተብሎ ይቆፈራል፤ ደርቆም በወንፊት ይነፋል። ከዚያ በውሃ በተበጠበጠ ኖራ ላይ ጥቂት በጥቂት ይጨመራል። መዳፍ የሚያህል ቦታ ቀብተን ሲደርቅ እንየው፤ ቀለሙ እርጥብ ሳለ ይጠቁራል፣ ሲደርቅ ይነጣል። በቀንም በኩራዝም እንየው። ለክፍሉ የሚበቃውን ሁሉ ባንድ ጊዜ እንበጥብጥ፤ ሁለተኛው ብጥብጥ ከፊተኛው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም። ግድግዳውን ውሃ ረጨት አድርገን፣ ሁለት ጊዜ ስስ አድርገን እንቀባ። ከወገብ በታች አፈሩ በርከት ቢል ይሻላል፤ ጀርባ የሚደገፈው፣ ጭቃም የሚረጨው እዚያ ነው።

ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ሕፃናት አይቅረቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ቶሎ በብዙ ንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

በወላይታ ለመስከረሙ የጊፋታ በዓል ቤትን ማጽዳትና ማሳመር የቆየ ልማድ ነው። ለዚህ ሥራ ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። ግን አንርሳ፦ ቀለም ጢስን አያስወጣም፤ ጢስ የሚወጣው በመስኮት ነው።

ክፍሏን በቀባን ማግስት ማታ ያንኑ ኩራዝ ለኮስን። እኚያ እናት ከኋላ ተቀምጠው ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል አነበቡልን።

ጥያቄዎች
1. የወላይታ አፈር ለምን ቀላ?
2. ጭድ ለጭቃ ምን ይጠቅመዋል?
3. የቤታችሁ ግድግዳ ብርሃን ይውጣል ወይስ ይመልሳል? ማታ ተመልከቱና ተወያዩበት።