ፈረስ ከልጓም በፊት እጅ ይልመድ

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በሚከበረው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል የተገኘ ሰው ፈረሶቹን ልብ ማለቱ አይቀርም። ጭብጨባው፣ የድምፅ ማጉያው፣ የሕዝቡ ግፊያ ባለበት ሜዳ ያጌጡት ፈረሶች ባለቤታቸውን ተማምነው ይቆማሉ። ማኅበሩ የዓድዋ ፈረሰኞችን ውለታ ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ታዳሚው ግልቢያውን ያደንቃል፤ ከግልቢያው በፊት ስለነበሩት የልምምድ ዓመታት ግን ብዙም አይወራም።

ከእንጅባራ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ወረድ ሲባል ደግሞ ፈረስ ጋሪ ይጎትታል። በዋናው መንገድ የጭነት መኪናውም ባጃጁም ብዙ ነው። በዚህ መሐል የሚደነብር ፈረስ ጋሪ ይገለብጣል፣ ሰው ይጎዳል፤ ገበያ ቢወጣም ዋጋ አያወጣም። “ደንባራ ሆኖ ተወለደ” ይባላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የአገራሩ ነው።

በብዙ አካባቢ ውርንጭላው ሜዳ ላይ እንደ ልቡ ያድጋል። ለሥራ ሲፈለግ በአንድ ቀን በገመድ ይጠለፋል፣ ልጓም ይጎርሳል፣ ጎረምሶች ተራ በተራ ወጥተውበት እስኪዝል በአለንጋ ይነዳል። ሲዝል “ተገራ” ይባላል። ፈረሱ ግን ደከመው እንጂ ሰውን አላመነም፤ ጉልበቱ ሲመለስ ፍርሃቱም አብሮ ይመለሳል።

ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ዋና መከላከያው ሽሽት ነው። ዓይኖቹ ግራና ቀኝ በመሆናቸው ዙሪያውን ያያል፤ ከግንባሩ ሥር በቅርብ ያለውንና ከጭራው በስተኋላ ያለውን ግን አያይም። ስለዚህ ሲጠጉት ድምፅ እያሰሙ፣ በትከሻው በኩል፣ ቀስ ብለው ነው። ጆሮውን ወደ ኋላ ከለጠፈ ቆም ማለት፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከንፈሩን ካላላ መቀጠል ይቻላል።

ሥራው ከእናቱ ጋር ሳለ ቢጀመር ይመረጣል። መጀመሪያ ባዝራዋን መዳበስ ነው፤ እናቱ በሰው እጅ ስትረጋጋ ያየ ውርንጭላ ራሱ ይጠጋል። ከዚያ ጋማው የሚያልቅበትን፣ ከትከሻው በላይ ያለውን ቦታ ማከክ ነው። ፈረሶች እርስ በርስ የሚተካከኩት እዚያው ላይ ሲሆን የልብ ምታቸውም ይረጋጋል። እረኛ ልጆች ይህን ከአባቶቻቸው የተሻለ ያውቁበታል። ምግብ በእጅ ማጉረስ ግን መንከስ ስለሚያስለምድ ገብሱን በዕቃ ማቅረቡ ይሻላል።

ቀጥሎ ገመድ ነው። ገመዱን ለስለስ አድርጎ ሳብ ማድረግ፤ ውርንጭላው አንዲት እርምጃ እንደተራመደ በዚያው ቅጽበት ማላላት። ትምህርቱ ያለው በማላላቱ ላይ ነው፤ ትክክል ሲሠራ ጫናው እንደሚቀርለት የሚያውቀው በዚህ ነው። ከሄደም በኋላ መጎተቱን የሚቀጥል ሰው፣ መታዘዝ ምንም ጥቅም እንደሌለው እያስተማረው ነው። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ የተናደደ ሰው ግን ያን ቀን ባይነካው ይሻላል። ከ2 ሺህ 300 ዓመታት በፊት ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎንም ፈረስን በቁጣ መቅረብን አጥብቆ ከልክሏል።

ኮርቻና ጋሪ አይቸኮልባቸውም። ዕድሜውን ጥርሱ ይናገራል፤ የፊት መሐል የወተት ጥርሶቹ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ፣ ቀጣዮቹ በሦስት ተኩል፣ የዳሮቹ በአራት ተኩል ይለወጣሉ። የመሐሎቹ ብቻ የተለወጡለት ፈረስ አጥንቱ ገና ነው። ከባድ ጭነት የተጫነበት ለጋ ፈረስ ጀርባውን ያመዋል፤ ያመመው ደግሞ ይራገጣል፣ ክፉ ነው ተብሎም ይመታል።

የእግሩ ነገር ለብቻው ትኩረት ይሻል። ከትከሻ እስከ ኮቴ በየቀኑ እየዳበሱ እግሩን ለአፍታ ማንሳት፣ ሳይታገል መልሶ ማስቀመጥ። ይህን የለመደ ፈረስ ድንጋይ ሲሰነቀርበት ወይም ሲቆስል ለመታከም ያመቻል።

ወረዳዎችንም የሚመለከት ጉዳይ እዚህ ላይ አለ። በጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ መከላከያው ክትባት ነው። እጅ ያልለመደ ፈረስ በክትባት ቀን በገመድ ተጠልፎ ይጣላል፣ ባለሙያውን ይራገጣል፣ አንዳንዴም አምልጦ ሳይከተብ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የቀበሌ የእንስሳት ጤናና የግብርና ባለሙያዎች በሬና ላም ለማየት በየቤቱ ሲደርሱ፣ ውርንጭላ ላለው አባወራ የገመዱንና የኮቴውን ልምምድ አንድ ጊዜ ቢያሳዩ ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። የሚሻለው ከዘመቻው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መጀመሩ ነው።